ትርፍ አለ፣ ብር የለም፦ ከዕለት ተዕለት ሥራ ስለሚገኝ የገንዘብ ፍሰት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባሉት አራት ወራት፣ ዓመታዊ ግብር በሚታወጅበት ሰሞን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ያለችው ትንሿ የሒሳብ ቢሯችን ወንበር አይበቃትም። ነጋዴው የሚመጣው ስለ ግብር ሊጠይቅ ነው። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ግን በሩ ላይ ቆም ይልና ዋናውን ጥያቄ ያወጣል፦ «አትርፈሃል ተባልኩ፤ ታዲያ ብሩ የት ገባ?» የሚከተሉት በየዓመቱ በዚያ በር ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተዘጋጁ እንጂ የማንም ደንበኛ ሒሳብ አይደሉም።

«ከዕለት ተዕለት ሥራ የሚገኝ የገንዘብ ፍሰት» ምንድን ነው?

ድርጅቱ የቆመለትን ሥራ ሲሠራ በገባውና በወጣው ጥሬ ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሲሚንቶ አከፋፋይ ከሆናችሁ፣ የገባው ከሲሚንቶ ገዢዎች የተሰበሰበው ብር ነው። የወጣው ደግሞ ለፋብሪካው፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመጋዘን ኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለግብር የተከፈለው ነው። ሌላ ብር ሁሉ ሌላ መደብ አለው። አይሱዙ መግዛትና መሸጥ የኢንቨስትመንት ፍሰት ይባላል። ብድር መውሰድና መመለስ፣ ባለቤቱ የሚጨምረውና የሚያወጣው ገንዘብ የፋይናንስ ፍሰት ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 7 ሦስቱ ለየብቻ እንዲቀርቡ ያዛል፤ ምክንያቱም ሲቀላቀሉ ድርጅቱ በራሱ ላብ ይደር በሰው ብር፣ መለየት አይቻልም።

ትርፌ 2.4 ሚሊዮን ብር ነው ተባልኩ፤ የሰኔን ደመወዝ የከፈልኩት ግን ተበድሬ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሰው።

ሳቢያን አካባቢ መጋዘን ያለው አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ እናስብ። በዓመቱ የ18 ሚሊዮን ብር ዕቃ ሸጠ። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 13.2 ሚሊዮን ነው። ለደመወዝ፣ ለኪራይ፣ ለነዳጅና ለመሳሰለው 2 ሚሊዮን ወጣ። የአይሱዙውና የመደርደሪያው የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም በአገልግሎት ምክንያት በዓመቱ የቀነሰው ዋጋቸው፣ 400,000 ብር ነው። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 2.4 ሚሊዮን ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ላይ አንድም ስህተት የለም፤ ኦዲተሩም ይፈርምበታል።

አሁን ትርፉን ትተን ብሩን እንከተል። በዱቤ ከወጣው ዕቃ ያልተሰበሰበ አለ፤ ሰኔ 30 ቀን በደንበኞች እጅ ያለው ዱቤ ከአምናው በ1.7 ሚሊዮን ጨምሯል። ስለዚህ ከ18 ሚሊዮኑ ሽያጭ እጅ የገባው 16.3 ሚሊዮን ነው። በግዢ በኩል ደግሞ፣ ብረት ሊወደድ ነው ተብሎ መጋዘኑ ታጭቋል፤ ክምችቱ በ1.3 ሚሊዮን አድጓል። እንግዲህ በዓመቱ የተገዛው ዕቃ 14.5 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 500,000 ብር የሚሆነውን አቅራቢዎች ስለታገሡት፣ በተግባር የተከፈለው 14 ሚሊዮን ነው። በዚያ ላይ 2 ሚሊዮኑ የሥራ ማስኬጃና 600,000 ብር የአምናው ግብር አለ። ከ16.3 ላይ 14፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 0.6 ስንቀንስ ከዜሮ በታች 300,000 ብር ይመጣል።

2.4 ሚሊዮን ያተረፈው ሥራ ራሱ 300,000 ብር በላ ማለት ነው።

ሒሳብ ሹሞች በአብዛኛው የሚጀምሩት ከሌላው ጫፍ ነው። ትርፉን ይይዙና ብር ያልወጣበትን የእርጅና ቅናሽ ይደምራሉ፤ የዱቤውንና የክምችቱን ጭማሪ ይቀንሳሉ፤ የአቅራቢ ዕዳውን ጭማሪ ይደምራሉ፤ የተከፈለውን ግብር ይቀንሳሉ። 2.4 ሲደመር 0.4፣ ሲቀነስ 1.7፣ ሲቀነስ 1.3፣ ሲደመር 0.5፣ ሲቀነስ 0.6፤ አሁንም ከዜሮ በታች 300,000። የመጀመሪያው መንገድ ቀጥተኛ ዘዴ፣ ሁለተኛው ቀጥተኛ ያልሆነ ዘዴ ይባላል። ደረጃው የሚያበረታታው ቀጥተኛውን ነው፤ በተግባር አብዛኛው ድርጅት የሚያቀርበው ግን ሁለተኛውን ነው። እኛ ነጋዴ ፊት ለፊታችን ሲቀመጥ ሁልጊዜ የምንጀምረው በመጀመሪያው ነው። «ከማን ተቀበልኩ፣ ለማን ከፈልኩ» የሚለውን የማይረዳ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመንም።

ያ 1.7 ሚሊዮን ብር፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ላሟ በእርግጥ አለች፤ ደመወዝ ግን በወተቷ እንጂ በመኖሯ አይከፈልም።

በባንክ ያለኝ ብር ከአምናው በልጧል። ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል?

ከላይ ያለው አከፋፋይም ያለው ይህንኑ ነበር። አምና ሰኔ 30 ቀን 250,000 ብር ነበረው፤ ዘንድሮ 850,000 አለው። ነገር ግን በመጨረሻው ሳምንት ከባንክ 900,000 ብር ተበድሯል። 250,000 ላይ የሥራው 300,000 ሲቀነስና ብድሩ ሲደመር 850,000 ይመጣል። የሒሳብ ቁጥሩ ያደገው በባንኩ ብር ነው።

የዱቤ ደብተር አለኝ፤ አይበቃም?

ደብተሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ይወሰናል። አንድ ጊዜ ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ቀረበልን። ሽፋኑ ላይ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል የዘይት ክብ ታትሞበታል። ውስጡ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የመጋላው ረጅሙ፣ 18 ሺህ»፣ «የሐረሯ እናት፣ ቀሪ 7 ሺህ 500»፣ «ባለ ባጃጁ፣ 22 ሺህ» እያለ ይወርዳል። ቀን የለም፣ ስልክ የለም፣ ፊርማ የለም። ድሬዳዋ ውስጥ «ባለ ባጃጁ» ብሎ ሰው መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬው ማስረዳት አያስፈልግም። ደምረን ስንጨርስ 412,000 ብር መጣ፤ ባለቤቱ ግምቱን ሲጠየቅ «መቶ ሺህ ቢሆን ነው» ብሎ ነበር።

ለእያንዳንዱ ዱቤ ስም፣ ስልክ፣ የወጣበት ቀንና የሚከፈልበት ቀን ያስፈልጋል። ከዚያ በየወሩ መጨረሻ በዕድሜው ይደርደር፦ 30 ቀን ያልሞላው፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90፣ ከዚያ በላይ። 90 ቀን ያለፈውን ብር በሚቀጥለው ወር ዕቅዳችሁ ውስጥ እንደሚመጣ ገንዘብ አትቁጠሩት። ከመጣ እሰየው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንበኛ ያላችሁ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ዕወቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ክፍያ በግንቦትና በሰኔ ይጎርፋል፤ በሐምሌና በነሐሴ አዲሱ በጀት እስኪደለደል ይቀዘቅዛል። በእነዚያ ወራት «ነገ ተመለስ» መባል የሰው ክፋት ሳይሆን የወቅት ጉዳይ ነው። ደመወዝ ግን ወቅት አያውቅም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ እዚህ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ከዱቤ ጋር ሲገናኝ ሳይታሰብ የሚጎዳው ይህ ነው። የ100,000 ብር ዕቃ በ60 ቀን ዱቤ ሸጣችሁ እንበል። 15 በመቶ ታክሱ ሲታከል ደረሰኙ 115,000 ይላል። ደረሰኙ ከማሽኑ በወጣበት ቀን ታክሱ ተቆጥሯል፤ በተከታዩ ወር ስታሳውቁ ለግዢ የከፈላችሁትን አቀናንሳችሁ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። ገዢው ግን ገና አንድ ብር አልሰጣችሁም። ታክሱን ከራሳችሁ ኪስ አበድራችሁለታል ማለት ነው። ዱቤ ስትሰጡ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን 15 በመቶውንም ጭምር እንደምታበድሩ ማወቅ፣ የዱቤውን ቀን ለመደራደር ጉልበት ይሰጣል። ቢያንስ ታክሱን በቅድሚያ ጠይቁ፤ ብዙ ገዢ ምክንያቱ ሲነገረው እሺ ይላል።

የሰበሰባችሁት ታክስም የእናንተ አይደለም። በሣጥናችሁ አድሮ የሚያልፍ እንግዳ ነው። በሌላ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ትልልቅ ገዢዎች ከክፍያው ላይ ቀንሰው የሚያስቀሩት ቅድመ ግብርም አለ። እሱ የጠፋ ብር አይደለም፤ ከዓመታዊ ግብራችሁ ይቀናነሳል። የሚጠፋው ደረሰኙ ሲጠፋ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የመኪና ኪስ፣ የፍራሽ ሥር፣ የሚስት ቦርሳ ሲፈተሽ እናያለን።

ቴሌብር ላይ ያለው ብርና የተቀበልኩት ቼክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጠራሉ?

የቴሌብሩ አዎ፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ልታወጡት ስለምትችሉ። ቼኩ ግን ገንዘቡ ሒሳባችሁ እስኪገባ ድረስ የሚጠበቅ ብር ነው። በተለይ ለዱቤ መያዣ ተብሎ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ከዱቤ ደብተሩ ብዙም አይለይም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል፤ ነገር ግን ክስ ማሸነፍና በዚህ ወር ለአቅራቢ መክፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እቁብ ወጣልኝ። ገቢ ነው?

አይደለም። የምትጥሉትም ወጪ አይደለም። እጣችሁ እስኪወጣ ድረስ የምትጥሉት ብር ቁጠባ ነው፤ ከወጣላችሁ በኋላ የቀረውን እየጣላችሁ ስትጨርሱ የምትመልሱት ዕዳ ነው። በሁለቱም መንገድ ከዕለት ተዕለት ሥራው ውጭ ነው። እቁብ የደረሰበትን ወር «ዘንድሮ ሥራው ደህና ነው» ብሎ የሚያስታውስ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ደህና የነበረው እጣው ነው።

ከሣጥኑ ለቤት የማወጣውስ?

የባለቤት ድርሻ ነው፤ በፋይናንስ ፍሰት ሥር ይመዘገባል። ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የረመዳን አስቤዛ፣ የመስቀል በግ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ማውጣቱን ማንም አልከለከለም። መጻፉ ግን ግድ ነው፤ ካልተጻፈ በወሩ መጨረሻ ሣጥኑ ሲጎድል የሱቁ ልጅ ይጠረጠራል።

ከዜሮ በታች ከሆነ ከስሬአለሁ ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከአወዳይ ጠዋት የተነሣ ጫት በዚያው ቀን ካልተሸጠ በማግስቱ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ የጫት ነጋዴ ብር ውሎ አያድርም፤ ከዜሮ በታች የሆነ ወር ካየ በእርግጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የሐረር ቡና የሚልክ ሰው ግን በምርት ወራት ከገበሬና ከአቅራቢ ይገዛል፣ ያስለቅማል፣ ያከማቻል፣ ውጭ አገር ልኮ ክፍያውን ይጠብቃል። በእነዚያ ወራት ፍሰቱ ከዜሮ በታች ካልሆነ ነው የሚገርመው። እሱ መታየት ያለበት በሙሉ ዓመት ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው የቀን ቁጥር ነው። ዕቃ መጋዘን ውስጥ የሚቆይበትን ቀንና ዱቤው እስኪሰበሰብ የሚፈጀውን ቀን ደምሩ፤ አቅራቢ የሚታገሣችሁን ቀን ቀንሱ። 60 ሲደመር 45፣ ሲቀነስ 20፣ 85 ቀን ይሆናል። አንድ ብር ከእጃችሁ ወጥቶ እስኪመለስ 85 ቀን ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ሽያጭ ባደገ ቁጥር በዚህ መንገድ ላይ ያለው ብር አብሮ ያድጋል። በፍጥነት የሚያድግ ሱቅ ብር የሚያጥረው ለዚህ ነው።

የዋጋ ጭማሪም እንዲሁ ይሠራል። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በደንብ አይተውታል። በድሮ ዋጋ የገባው ዕቃ በአዲስ ዋጋ ተሽጦ ትርፉ ያምራል፤ ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመተካት ግን ትርፉ ሁሉ ተመልሶ ይገባል።

የሚያሳስበው ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ነው። በአሜሪካ ደብሊው ቲ ግራንት የሚባል 1,200 ገደማ መደብሮች የነበሩት ቸርቻሪ ነበር። ለዓመታት ትርፍ ሲያሳውቅ ኖረ፤ መደብር ይከፍታል፣ ለደንበኞቹ ዱቤ ይሰጣል፣ ሽያጩ ያድጋል። ከሥራው የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ ግን በእነዚያው ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ነበር፤ ክፍተቱን የሚሞላው ብድር ነበር። በ1975 በፈረንጆቹ ጥቅምት ወር ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አሳወቀ። የሒሳብ መምህራን እስከ ዛሬ የሚያስተምሩበት ምሳሌ ነው። በ«ባለ ባጃጁ» ደብተርና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት የዜሮዎቹ ብዛት ይመስለናል።

ይህን ቁጥር ማሳመር ይቻላል?

ከትርፍ ይልቅ ያስቸግራል እንጂ ይቻላል። ቀላሉ ዘዴ በሰኔ ለአቅራቢ ሳይከፍሉ ሐምሌ ላይ መክፈል ነው። በሰኔ 30 ቁጥሩ ያብባል፣ በሐምሌ ይረግፋል። ድርጅት ልትገዙ ወይም ሽርክና ልትገቡ ከሆነ የሐምሌንና የነሐሴን የባንክ መግለጫ ጭምር ጠይቁ።

ሌላው መንገድ የዕለት ወጪን «ንብረት ገዛሁበት» ብሎ ወደ ኢንቨስትመንት መደብ ማዞር ነው። የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ወርልድኮም በ2002 ያመነው የመጀመሪያው 3.8 ቢሊዮን ዶላር በዚህ መንገድ የዞረ ነበር። በእኛ ደረጃ፣ ጎማ ቅያሪና ጥገና «የመኪና ግዢ» ሥር ተጽፎ ካያችሁ ጠይቁ።

ሕጉ ይህን መግለጫ ያስገድደኛል? የብድር ወለድስ የት ይመዘገባል?

በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ሥር ሆኖ በዓለም አቀፍ ደረጃዎች፣ ወይም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው ደረጃ ሪፖርት የሚያቀርብ ድርጅት፣ የገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሪፖርቱ አንድ ክፍል ነው። ወለድን በተመለከተ ደረጃ ቁጥር 7 እስካሁን ምርጫ ይሰጥ ነበር፤ አንዱ በሥራ ፍሰት፣ ሌላው በፋይናንስ ፍሰት ያስገባዋል። ከጥር 2027 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 18፣ ከባንክና ከመሰል ድርጅቶች በስተቀር የሚከፈል ወለድን ወደ ፋይናንስ ፍሰት ይወስደዋል። እስከዚያው ሁለት ድርጅቶችን ስታወዳድሩ ወለዱን የት እንዳስገቡት መጀመሪያ ተመልከቱ።

ይህን ሁሉ የሚሠራልኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም የለም?

አለ። ፒችትሪን የሚያውቅ ሒሳብ ሹም በድሬዳዋ አይጠፋም፤ መግለጫውንም በደቂቃ ያወጣላችኋል። ፕሮግራሙ የማያውቀው ግን ባለፈው ሐሙስ ከሣጥን የወጣው 40,000 ብር ለብረት አቅራቢው ይሁን ለእኅታችሁ ልጅ ሠርግ ነው። እሱን በዚያው ቀን፣ ሱቁ ለቀትሩ ሙቀት ከመዘጋቱ በፊት፣ በእጃችሁ ጻፉት።